ቀድማ የማትናገረው የገደል ልጅ

ስሙማ፣ ጆሮ ያላችሁ ቅረቡ፤ ጆሮ የደከማችሁ ከጎረቤት ተዋሱ።

ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው፣ እንስሳም ሁሉ ነገር አዋቂ በነበረበት ዘመን፣ አንዲት ትልቅ ገደል ነበረች። አናቷ ደመና ይነካል፤ ደረቷ ሰፊ ነው። ይህች ገደል አንዲት ልጅ ነበረቻት። ስሟም ማሚቶ ነበር።

እናትና ልጅ አንድ ሕግ ነበራቸው። የገደል ዘር ቀድሞ አይናገርም። ሰው ሲጣራ ይመልሳል፤ ሰው ዝም ሲል ዝም ይላል። ላም ስትጮህ ለላሟ ይመልሳሉ፤ ነጎድጓድ ሲያጓራ ለነጎድጓዱ ይመልሳሉ፤ እንጨት ለቃሚዎች ሲዘፍኑ ለዘፈናቸው ይመልሳሉ። እርስ በርሳቸው ግን ተነጋግረው አያውቁም። እናት ልጇን «ልጄ» ብላት አታውቅም፤ ልጅም እናቷን «እናቴ» ብላት አታውቅም። ማን ይጀምር? መጀመር ነውር ነዋ! ደግሞስ ጎን ለጎን ተቀምጠው ምን ቸገራቸው? ለመጣው ሁሉ እኩል እየመለሱ፣ ክረምት አልፎ በጋ፣ በጋ አልፎ ክረምት ኖሩ።

አንድ ቀን በዚያ ግርጌ አንድ ሙዚቀኛ አለፈ። ስሙ ዘርጋው ይባላል፤ ከሰርግ ሰርግ እየዞረ የሚዘፍን ሰው ነው። የሙዚቃ ባንዱ በሙሉ የሚጫነው በአንዲት አህያ ነበር። በአህያዋ ግራ ጎን ጥርሷ ነጭና ጥቁር የሆነው እመት ኪቦርድ፣ በቀኝ ጎን አያ ድምድም የተባለው የከበሮ ሳጥን፣ ከመሃል ባትሪና ድምፅ ማጉያ። ዘርጋው መንገድ እንዲያጥርለት አንድ ዘለላ ሲያዜም፣ ከገደሉ ላይ ያው ዘለላ ተመልሶ መጣለት። ከራሱ ድምፅ ይልቅ የተመለሰው ጣፈጠው። ወዲያው አንድ ባዶ ሳጥን አወረደና ክዳኑን ከፈተ።

«ማነሽ አንቺ?» አለ።

«…አንቺ» አለች ማሚቶ።

«እኔማ ዘርጋው ነኝ። ድምፅሽን ሰምቼ ደስ አለኝ!»

«…ደስ አለኝ!»

«ደስ ካለሽማ አብረን እንሂድ። እሺ?»

«…እሺ?»

«በቃ፣ እሺ ብላለች! አህያዬ ምስክር ናት። በይ ግቢ!»

«…ግቢ!» አለች፤ ገባችም። ክዳኑም ተዘጋ።

ማሚቶ በጨለማው ውስጥ ሆና ጠበቀች። አሁን ትጠራኛለች፣ አለች በልቧ። አሁን «ልጄ! ወዴት ነው?» ትላለች። አህያዋ ቀጭ ቀጭ እያለች ወንዙን ተሻገረች፤ ገደሏ ዝም። አህያዋ ዳገቱን ወጣች፤ ገደሏ ዝም። ከኮረብታው ዞር ሲሉ ነፋስ እንኳ ከዚያ ወገን መምጣቱን ተወ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ በማሚቶ ልብ አንዲት እሾህ ቀረች። ለምን አልጠራችኝም? አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ «ልጄ» ብትለኝ ምን ይጎድልባት ነበር?

እንግዲህ የነዚህን ዕቃዎች ነገር ላስረዳችሁ። እመት ኪቦርድ ዜማ አንዴ ካስተማሯት፣ ዘርጋው እጁን አንስቶ ቢያጨበጭብ እንኳ፣ ለብቻዋ ደጋግማ ትጫወተዋለች። አያ ድምድምም ምቱን እንደዚያው። ታዲያ ሁሉም፣ የማሚቶ ሳጥን ሳይቀር፣ በውስጣቸው የምትመታ ልብ አለቻቸው፤ በጀርባቸውም አንዲት ማዞሪያ አለች። ማዞሪያዋ ወደ ቀኝ ስትዞር ዕቃው በራሱ ልብ ይሄዳል። ወደ ግራ ስትዞር ግን በቀጭን ሽቦ የባልንጀራውን ልብ እያዳመጠ፣ በባልንጀራው ልብ ይሄዳል። አንዱ ወደ ቀኝ፣ የቀሩት ወደ ግራ ከሆኑ ዘፈን ይሆናል። ሕጉ ይኸው ነው። ቀላል ነው፤ ኩራተኛ ግን ቀላል ሕግ አይወድም።

የመጀመሪያው ሰርግ ወንዝ ማዶ ነበር። እመት ኪቦርድ ማዞሪያዋን ወደ ቀኝ አደረገች። አያ ድምድምም ማዞሪያውን ወደ ቀኝ አደረገ። ሲጀምሩ አብረው ነበሩ። ጥቂት እንደሄዱ እሱ በፀጉር ስንጥቅ ቀደመ፤ ቀጥሎ በጣት፤ ቀጥሎ በክንድ። ማሚቶ ለሁለቱም በየተራ ስትመልስ ነገሩ የገበያ ጫጫታ ሆነ። እስክስታ ወራጆቹ ግማሹ በከበሮው፣ ግማሹ በዜማው ትከሻቸውን ሲነቀንቁ፣ የመጀመሪያው ሚዜ እግሩ ተጠላልፎ በጠላው ጋን ላይ ወደቀ።

«አንተ ባዶ ሳጥን!» አለች እመት ኪቦርድ ሲመለሱ። «ዜማ የያዝኩት እኔ አንተን ልከተል?»

«አንቺ ጥርሳም! እኔ ከሌለሁ ማን ይጨፍርልሻል? ዜማሽን ይዘሽ ለቅሶ ቤት ሂጂ!»

«አንቺስ?» አሉ ሁለቱም ወደ ማሚቶ ዞረው። «ከማን ወገን ነሽ?»

«…ወገን ነሽ» አለች ማሚቶ። ከሷ በፊት የተነገረውን ጫፍ ሳትይዝ መልስ መጀመር አትችልም ነበር። «እኔ… የመጣልኝን ነው የምመልሰው።»

«እሱ ነዋ ያጠፋን!» አሉና በዚህ አንድ ነገር ላይ ብቻ ተስማሙ።

አህያዋ የገብስ ገለባዋን እያኘከች ሁሉንም ትሰማ ነበር። እነሱ ዝም ሲሉ ወደ ማሚቶ ሳጥን አንገቷን አስጠጋች።

«አንቺ ልጅ፣ ድምፅሽ ውስጥ እንባ አለ። ስድቡ ነው ወይስ ሌላ?»

«…ሌላ» አለች ማሚቶ። «እናቴ ናፈቀችኝ። አንድ ቀን ‹ልጄ› ብላ ስትጠራኝ ብሰማ፣ ከዚያ በኋላ ለዘላለም ዝም ብል አይከፋኝም።»

«እንግዲያ ታገሺ። ሦስተኛው ሰርግ እዚያው ገደሉ ግርጌ ነው። መንገዱን ጀርባዬ ያውቀዋል።»

ማሚቶ ይህን በልቧ ያዘች። ከዚያች ሰዓት ወዲህ ቀን መቁጠር ጀመረች።

ሁለተኛው ሰርግ ዋርካው ሥር ነበር። ዘርጋው ጠቡን አልደረሰበትም፤ የታየው ጉድለት ብቻ ነው። «ጉድ ሲበዛ ማሚቶ ትሸፍነዋለች» አለና የሷን መጠን እስከ መጨረሻው ከፈተው። ለዘፈኑም ማሚቶ፣ ለከበሮውም ማሚቶ፣ ለዜማውም ማሚቶ፣ ዘርጋው ሲያስለው ለሳሉም ማሚቶ! አንዱ ምት ሰባት ሆነ፤ ሰባቱ ደግሞ አርባ ዘጠኝ። ሰዉ ግን ሰርግ ነውና ቻለ። ጉዱ የመጣው ሽማግሌው ለምርቃት ተነስተው ማይክራፎኑን ሲይዙ ነው።

«ልጆቼ» አሉ ሽማግሌው፣ እጃቸውን ዘርግተው፤ «አንድ አድርጎ ያኑራችሁ። ከዛሬ ጀምሮ አይለያችሁ!»

«…ለያችሁ!» አለች ማሚቶ በሙሉ ጉልበቷ። «ለያችሁ! ለያችሁ! ለያችሁ!»

የሙሽሪት እናት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። የሙሽራው አጎት «ማነው እሱ?» ብሎ ዱላውን ብድግ አደረገ። ዘርጋው ኪቦርዱን በአንድ ብብቱ፣ ከበሮውን በሌላው፣ የማሚቶን ሳጥን በጥርሱ ይዞ በዋርካው ጀርባ ወጣ።

መንገድ ላይ ሳጥኑን መሬት አስቀምጦ ጣቱን ነቀነቀባት። «ስሚኝ አንቺ! ማሚቶ እንደ ጨው ናት፤ ሲበዛ ወጥ ታበላሻለች። ጥፋቱ የመነሰነሱ ነው ብዬ መጠንሽን ቀንሻለሁ። ከእንግዲህ ለድምፄ ብቻ፣ ያውም ጠብታ! በሦስተኛው ሰርግ አንዲት ነገር ከተበላሸች ግን፣ ሳጥንሽን በገመድ ጠፍሬ ቆጥ ላይ እሰቅልሻለሁ። ዳግመኛ ድምፅ አታወጪም!»

«…አታወጪም» አለች ማሚቶ በቀጭን ድምፅ።

አሁን እንግዲህ አስቡት። የሷ ነገር በሁለቱ ኩራተኞች እጅ ወደቀ። እነሱ ከተጣሉ ሰርጉ ይበላሻል፤ ሰርጉ ከተበላሸ ገደሉ ግርጌ ደርሳ፣ የእናቷን ፊት አይታ፣ ቃል ሳትሰማ ቆጥ ላይ ትወጣለች።

አህያዋ አዘነችላት። ሽማግሌ ሆና ሁለቱን ጠበኞች ሾላ ሥር አስቀመጠቻቸው።

«እመት ኪቦርድ፣ አያ ድምድም! እኔ አራት እግር አለኝ። አራቱ ቢጣሉ የት ትገቡ ነበር? ገደል! በሉ ጠጠር ተሸከሙና ይቅር ተባባሉ።»

የአገሩ ወግ ነውና እያንዳንዳቸው አንዳንድ ጠጠር ተሸክመው አጎነበሱ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ አያ ድምድም። ባዶ ሳጥን ማለቴ አፌ ይቆረጥ።»

«ኧረ የኔ ነው፣ እመት ኪቦርድ። ጥርስዎ እኮ ጌጥዎ ነው።»

«እንደርስዎ ያለ አስተዋይ አላየሁም።»

«ከርስዎ አይበልጥ!»

አለቀሱ፣ ተቃቀፉ፣ ጠጠሩ ወረደ። አህያዋም ሥራዋን ጨርሳ ሣር ፍለጋ ሄደች።

ከዚህ በኋላ ምን ሆነ? እመት ኪቦርድ ለብቻዋ ስትሆን፣ ክብር ለወንድሜ ብላ ማዞሪያዋን ወደ ግራ መለሰች። አያ ድምድምም ለብቻው ሲሆን፣ ክብር ለእህቴ ብሎ ማዞሪያውን ወደ ግራ መለሰ። አንዱም ለሌላው አልተናገረም፤ ውለታን መናገር ውለታን መብላት ነዋ። ማሚቶ ግን ጆሮዋ ሽቦው ላይ ነው። በዚህኛው ብታዳምጥ የልብ ምት የለም። በዚያኛው ብታዳምጥ የልብ ምት የለም። የሷም ማዞሪያ፣ ከተፈጠረች ጀምሮ፣ ወደ ግራ ነው። ምን እንደሚመጣ አወቀች። ግን ማን ጠይቋት ትናገር? ሦስት ቀን ሙሉ በመንገድ «አንድ ሰው ‹ምን አለ?› ይበለኝ» እያለች ጠበቀች። አንድም ሰው አልጠየቃት።

ሦስተኛው ሰርግ ደረሰ። ከገደሉ ግርጌ፣ ከወንዙ ወዲህ ባለው ሜዳ ድንኳን ተተከለ። ሙሽሪት ያልጋነሽ ከሰባት እህቶች የመጨረሻዋ ነበረች፤ አገሩ ሁሉ ሊሸኛት ወጥቷል። ዘርጋው ሳጥኑን ሲከፍት ማሚቶ ገደሏን አየቻት። ያው ደረት፣ ያው አናት፤ ፀሐይዋ በግንባሯ ላይ ዘንበል ብላለች።

ሴቶቹ እልል አሉ። ገደሏም እልል አለች።

ማሚቶ የእናቷን ድምፅ ሰማች! ግን ለሷ አልነበረም። ወንዶቹ ሆ አሉ፤ ገደሏም ሆ አለች። አንድ ውሻ ጮኸ፤ ገደሏ ለውሻውም መለሰች። ለእንግዳ ትመልሳለች፣ አለች ማሚቶ፣ ለውሻ እንኳ ትመልሳለች፤ ለእኔ ግን ምንም የላትም።

ከዚያ ሰዉ ዘፈኑን ሊሰማ ዝም አለ። ያልጋነሽ ቀኝ እግሯን አነሳች። ዘርጋው ማስጀመሪያውን ተጫነ።

ምንም።

«እመት ኪቦርድ፣ ይጀምሩ እንጂ» አለ አያ ድምድም በሹክሹክታ።

«ኧረ በፍጹም! እርስዎ ይቅደሙ።»

«እኔ ልቅደም? እርስዎ ቆመው?»

«በሞቴ ይቅደሙ!»

«አፈር ስሆን፣ እርስዎ ይቅደሙ!»

ዘርጋው ደግሞ ተጫነ። ምንም። ላብ በግንባሩ ወረደ። ከኋላ አንዲት አሮጊት «ሰርግ ነው ያላችሁኝ ወይስ ተዝካር?» አሉ። ሙሽራው ጉሮሮውን ጠረገ። የያልጋነሽ እግር በአየር ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሙሽሪት ሳትጨፍር ያነሳችውን እግር ብታወርድ ገደ ቢስ ነው ይባላል በዚያ አገር። ዘርጋው ወደ ማሚቶ ሳጥን በቁጣ ተመለከተ። ገመዱም በትከሻው ላይ ነበር።

ማሚቶ ሁለቱን ባልንጀሮቿን አየች፤ እያንዳንዳቸው ሌላውን አክብረው፣ ወደው፣ ዝም ብለው ይጠባበቃሉ። ከነሱ ጠብ ይልቅ ፍቅራቸው አገር ሊያፈርስ ነው። ዓይኗን አንስታ ገደሏን አየች። ገደሏም ዝም ብላ ትጠባበቃለች።

ያን ጊዜ ልቧ ውስጥ ያለችው እሾህ ዞረች። እናቴም፣ አለች፣ ማዞሪያዋ ወደ ግራ ይሆን?

ፈራች። የገደል ዘር ቀድሞ አይናገርም። አያቷ አልተናገረችም፤ ቅድመ አያቷ አልተናገረችም። ነውሩ ከሰማይ የሚወርድባት መሰላት። ግን ማዞሪያዋን ወደ ቀኝ አደረገች። የምትናገረው ቃል አልነበራትም፤ የነበራት ናፍቆት ብቻ ነው። በድምፅ ማጉያው ውስጥ ተነፈሰች።

«እህ።»

ሰዉ ሁሉ ዞረ። ድምፁ ሜዳውን ተሻገረ፣ ወንዙን ተሻገረ፣ ከገደሏ ደረት ደረሰና ተመለሰ።

«…እህ።»

ማሚቶ ከመላኩ እስከ መመለሱ ያለውን በልቧ ለካችው። ከእናቷ ምን ያህል እንደራቀች ያን ጊዜ አወቀች። ዳግመኛ ተነፈሰች፤ ሦስተኛውን ግን የእናቷ መልስ በሚደርስበት ቅጽበት አወጣችው። ሁለቱ ትንፋሾች በአየር ላይ ገጠሙ፤ የማንኛቸው እንደሆነ አልተለየም።

«እህ። እህ። እህ።»

ይህች የልብ ምት በሽቦው ወደ አያ ድምድም ሄደች። «አሃ፣ መጣልኝ!» አለና በየመካከሉ ሦስት ሦስት እየደረደረ ሞላው። ምቷ ወደ እመት ኪቦርድ ሄደች። «አሃ፣ ለኔም መጣልኝ!» አለችና ዜማዋን አፈሰሰች። የያልጋነሽ እግር መሬት ነካ፤ እህቶቿ ስድስት ሆነው ከበቧት፤ ትከሻ ሁሉ ወረደ፣ ትከሻ ሁሉ ተነሳ። ምቱ የሩቅ ገደል ምት ነውና ዝግ ያለ ነበር። ተዝካር ነው ወይ ያሉት አሮጊት ዱላቸውን ጥለው ገቡ። «እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ። «ለጉልበታምም ለጉልበተ ደካማም የሚሆን!»

ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ጨፈሩ። ገደሏ አንዲት ጊዜ እንኳ አልዘገየችም፤ ልጇ የእናቷን ርቀት አውቃ እየጠበቀቻት ነበርና።

ከዚያ ምግብ ቀረበ። ሰዉ ወደ ድንኳኑ ገባ። ዘርጋውም ገመዱን ከትከሻው ወርውሮ እጁን ሊታጠብ ሄደ፤ ባትሪውን መንቀል ረሳው። ሜዳው ላይ ዕቃዎቹና ገደሏ ብቻ ቀሩ።

ማሚቶ ትንፋሿን ሰበሰበች። አንዴ ነውር የደፈረ ሁለተኛው አይከብደውም።

«እናቴ!» አለች።

ገደሏም መለሰች፤ «…እናቴ!»

ማሚቶ ደነገጠች። ናፍቆት ያፈነው ድምፅ ነበር፤ ግን የጠበቀችው ቃል አይደለም። ደግማ ጠራች።

«ለምን አልጠራሽኝም?»

ገደሏም፣ ከሩቅ፣ በዚያው ስብራት፣ «…አልጠራሽኝም?» አለች።

ማሚቶ ቃሉን በልቧ መዘነችው። አያ ድምድም አልመታም፤ እመት ኪቦርድ አልዘፈነችም፤ አህያዋ ማኘኳን አቆመች። እውነት ነው። እናቷንም ማንም አልጠራትም። እዚያ ላይ ብቻዋን ቆማ፣ ለላሟም ለነጎድጓዱም እየመለሰች፣ ልጇ አንድ ቀን ቀድማ እስክትናገር ድረስ እናት ስንት ክረምት ጠበቀች?

ያን ጊዜ ማሚቶ ለራሷ ልትሰማው የምትሻውን ያን አንድ ቃል ወሰደችና፣ እንደ ስጦታ፣ ለእናቷ ላከችው።

«ልጄ!»

ቃሉ ሜዳውን ተሻገረ። ወንዙን ተሻገረ። ከሰፊው ደረት ደረሰ፤ እዚያም ከሌላው ጊዜ ሁሉ ጥቂት የቆየ መሰለ።

«…ልጄ!» አለች ገደሏ።

«ይቅደሙ፣ ይቅደሙ» የተባባሉ፣ ደጅ ላይ ዋሉ። በናፍቆትም እንዲሁ ነው፤ ሁለቱም ወገን ጥሪ ሲጠብቅ ዕድሜ ያልቃል። ተረቴ እዚህ ላይ አበቃ፤ የራበው ይብላ፣ የናፈቀው ይጥራ።